ሙሽራዋ አበባ ልትቀጥፍ ሄዳለች

በቃምሳር መንደር መንገድ ላይ መኪና ሲፈልጉት አይገኝም፤ ሳይፈልጉት ጥሩንባውን እየነፋ ያደነቁራል። ቢቢ ሻህርባኑ ይህንኑ እያጉረመረሙ፣ በአንድ እጃቸው ከራስ እስከ እግር የሸፈናቸውን ጥቁር ቻዶር ጠርዝ አገጫቸው ሥር ጨብጠው፣ በሌላው ትልቅ የጽጌረዳ ውኃ ጠርሙስ ታቅፈው ወደ ካሻን ከተማ በሚወርደው አስፋልት ዳር ቆመዋል። በማግስቱ የልጅ ልጃቸው የነጊን ኒካህ ነው። ነጊን ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት ቢቢ ናቸው፤ ለጋብቻ ጠያቂ ሲመጣም እሺ ያሉት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ አሁን ካሻን ውስጥ ነርስ ናት። ትናንት በስልክ አንድ ነገር ተናግራ እንቅልፍ ነስታቸው አደረች፤ ቢቢም ዛሬ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሊገሥጿት ነው የሚቸኩሉት።

አንዲት ነጭ መኪና አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ወደ ካሻን ነዎት እማማ? ይግቡ፣ ብርዱ አይምታዎት።»

ቢቢ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከመሪው ኋላ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ሹፌሩ የት ሄዶ ነው?»

«እኔ ነኝ ሹፌሩ።»

«ባልሽን አሞት ነው?»

«ባል የለኝም። ስለሌለ አይታመምም።»

ቢቢ ሊስቁ ፈለጉና ዋጥ አደረጉት። ቢያንስ ሴት ናት፣ ከማላውቀው ወንድ ጋር ከምሄድ ይሻላል ብለው ገቡ፤ ጠርሙሱንም ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የመቀመጫውን ቀበቶ ይታጠቁልኝ፣ እማማ።»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ አንቺን እንደማላምንሽ? ነውር ነው።»

«እኔን ማመንዎ አኩርቶኛል። ቀበቶው ግን ለእኔ አይደለም፣ ለመንገዱ ነው።»

«ይቅርብኝ፤ እንግዳ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ እንደ መቆለፍ ነው» አሉና ቢቢ እጃቸውን አጣጠፉ። ሴትየዋም አልተከራከረቻቸውም። ስሟ ፈርዛኔ ይባላል። በካሻን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ ሐሙስና ዓርብ ትምህርት ስለማይኖር ሰው እየጫነች የኑሮዋን ጉድለት ትሞላለች። ይህንን ሁሉ ቢቢ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሳያልፉ ጠይቀው ጨርሰዋል።

ሰው ለዘመዱ የማይነግረውን ለመንገደኛ ይነግራል። ዘመድ ነገ ያስታውሰዋል፣ መንገደኛ ግን ሲወርድ ይዞት ይሄዳል። ቢቢም ሆዳቸውን የሚበላቸውን ነገር ለማውጣት ብዙ አልቆዩም።

«ነገ የምድራት ልጅ ጉድ አፍልታብኛለች። ሥራዬን፣ ትምህርቴን፣ ከአገር መውጣትና መግባቴን ባሌ እንዳይከለክለኝ በጋብቻው ውል ላይ ይጻፍልኝ ነው የምትለው። እኛ ስናገባ ውሉን የፈረመው ማን ነበር? አባቶቻችን ናቸው። እኛ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን እናለቅስ ነበር፤ ያም ጥሩ ነበር።»

«ማልቀሱ ነው ጥሩ?»

«ሥርዓቱ ነው ጥሩ። አታጣምሚብኝ።»

«ይቅርታ። የሙሽራው ወገኖችስ ምን አሉ? እንቢ አሉ?»

ቢቢ ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ሙሽራው ሜይሳም ከእናቱ ከኤፋት ኻኑም ጋር ለጥያቄ የመጣ ዕለት የሆነው ትዝ አላቸው። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ነጊን የፈለገችውን ለቢቢ ነግራቸው ነበር፤ ቢቢም እሺ ብለው ነበር። ኤፋት ኻኑም ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ «ቅድመ ሁኔታ ካላችሁ ዛሬ ንገሩን» አሉ። ቢቢ ምን አሉ? የትኛዋም የካሻን ወይዘሮ የምትለውን ነዋ። «በእኛ መሐል ምን ቅድመ ሁኔታ አለ? ልጅቷ የእርስዎ ገረድ ናት» አሉ። ነጊን በዚያች ቅጽበት የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ወጣች።

ይህን ለፈርዛኔ ሲነግሯት ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስለዚህ እንቢ ያላቸው ሰው የለም» አለች ፈርዛኔ። «የጠየቃቸውም የለም።»

«እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ሰው ምን ይለኛል? ገና ከመነሻው ለፍቺ ተዘጋጁ አይሉም? ደግሞስ ልጁ ጨዋ ነው። ደግ ባል ወረቀት አያስፈልገውም፤ ክፉውን ወረቀት አይዘውም።»

«ቃምሳር ውስጥ የጽጌረዳ ማሳ አለዎት አይደል? ከጎረቤትዎ ማሳ የሚለየው ምንድን ነው?»

«የድንበር ድንጋይ ነዋ።»

«ጎረቤትዎ ክፉ ነው?»

«ኧረ የእናቴ ልጅ ነው። ወንድሜ ነው።»

«ታዲያ ከወንድምዎ ጋር ድንጋይ የተከላችሁት ለምንድን ነው?»

«እንድንፋቀር ነዋ። ድንበሩ ከታወቀ ጠብ የለም» ካሉ በኋላ ቢቢ ወዴት እየተመሩ እንደሆነ ገባቸውና ፊታቸውን አኮሳተሩ። «መሬትና ሴት ልጅ አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። ለመሬቱ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሴቷማ እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅም?»

«ለዚህ ነው ቆመሽ የቀረሽው። አንቺን የሚያገባ ሰው ከዳኛ ጋር ነው መምጣት ያለበት።»

ፈርዛኔ ከልቧ ሳቀች። «የት ቆምኩ እማማ፤ ይኸው እየነዳሁ ነው።»

እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክር ሲጥም እንዲህ ነው፤ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም አንድ ቁራሽ ይካፈላሉ። ቢቢ ከቦርሳቸው ሱሃን የሚባለውን ጣፋጭ አውጥተው ሰበሩና ግማሹን ለፈርዛኔ ሰጧት።

«እርስዎ ከአገር ወጥተው ያውቃሉ?» አለች ፈርዛኔ፤ ይህን ያለችው ለወግ ያህል ነበር።

«አላውቅም።»

«ሳይፈልጉ ቀርተው ነው?»

ቢቢ መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ከዚያ፣ እንደማይመለከታቸው ነገር አድርገው፣ ታላቅ እህት እንደነበረቻቸው ተናገሩ። ቱባ ትባላለች። አንድ ነጋዴ አግብቷት ባሕሩን ተሻግራ ወደ ዓረቦቹ ከተማ ወደ ሙስካት ገባች፤ እዚያው ወለደች፣ እዚያው አረጀች። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ታማ «ሻህርባኑን አምጡልኝ» ብላ ላከች። ለፓስፖርቱ የባል ፈቃድ ያስፈልጋል። የቢቢ ባል ሃጂ ኖስራት እሺ አሉ፤ ግን ጊዜው የጽጌረዳ ለቀማ ነበር። አበባው ፀሐይ ሳትወጣ ካልተለቀመ ይረግፋል፣ የጽጌረዳው ውኃ የሚጣራበት የመዳብ ድስትም ቀንና ሌሊት እሳት ይፈልጋል። «ለቀማው ይለፍና ሄጄ እፈርምልሻለሁ» አሉ። ለቀማው አለፈ፤ ሊፈርሙ በሄዱበት ሳምንት የቱባ መርዶ መጣ።

«ሃጂ ክፉ ነበሩ?» አለች ፈርዛኔ ቀስ ብላ።

«እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። እሱም እኮ አለቀሰላት።»

«ደግ ሆነውም ግን ቱባ አመለጠችዎ።»

ንግግሩ ለቢቢ እንደ ስድብ ነበር የተሰማቸው፤ መኪናውን አቁሚ ሊሏትም አፋቸውን ከፈቱ። ግን ምን ብለው ይቆጡ? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «ዕጣዋ ነው፣ የአላህ ጽሕፈት ነው» ብለው የዘጉትን በር ይህች ልጅ ገፋ አድርጋ አየችው እንጂ ምንም አላደረገችም። ሞትን የጻፈ አላህ ነው፤ የፈቃዱን ወረቀት ግን የጻፈው ሰው ነው። ባላቸው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቢቢ ይጣሉ፣ ይለምኑ፣ ሽማግሌ ይልኩ ነበር። ደግ ስለሆኑ ጠበቋቸው።

«ክፉ ባልን ወረቀት አይዘውም ብለውኛል፤ ልክ ሊሆን ይችላል» አለች ፈርዛኔ። «ደጉ ባል ግን ሥራ ይበዛበታል፣ ይረሳል፣ ነገ ይላል። ጉዳዩ የእሱ ስላልሆነ አያንገበግበውም። ወረቀቱ ከደጉም ሰው ‹ነገ› ነው የሚያድናት።»

ቢቢ ያኔ ቀበቶውን ስበው ማሰሪያውን ይፈልጉ ጀመር። ለምደውት ስለማያውቁ አላገኙትም። ፈርዛኔ አንድ እጇን ዘርግታ ቆለፈችላቸው።

ይሁን እንጂ ሰው በመኪና ውስጥ ቢያምን ሲወርድ ይጸጸታል። ካሻን ሲደርሱ ቢቢ እንደገና ተሟገቱ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ኤፋት ኻኑምን ቅድመ ሁኔታ የለም ብዬ አሰናብቻቸዋለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«የወለዱት እኮ ነጊን ናት፣ እማማ። እሷ ትጥፋ?»

ይህን ተረት ቢቢ ዕድሜ ልካቸውን ሲተርቱ ኖረዋል፤ የሚጠፋው ሰው ፊት ተሰጥቶት ሲመጣባቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው። ጠርሙሳቸውን አቅፈው ወረዱና ቦርሳቸውን ፈቱ።

«ሒሳብሽ ስንት ነው?»

«ለእርስዎ ምን ሒሳብ አለ? እንግዳዬ ነዎት።»

«ልጄ፣ ስንት ነው?»

«የሚጠቀስ ነገር አይደለም፤ ይተዉት።»

«በይ ስሚኝ» አሉ ቢቢ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «ከቃምሳር እስከዚህ ድረስ የፈለግሽውን ተናገሪ ስትዪኝ መጣሽ። አሁን አንቺ ራስሽ የጎደለሽን ለመሙላት እየነዳሽ፣ አፍሽ አልፈልግም ይላል። እኔም ቃልሽን አምኜ ቦርሳዬን ዘግቼ ብሄድ ምን ትበያለሽ?»

ፈርዛኔ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ሳቀችና ዋጋውን ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። ቢቢ ከፈሏት። ሁለቱም አልሞቱም፤ ሰማዩም አልተደፋም። ፈርዛኔም አልቀለለችባቸው፤ እንዲያውም ከፍ አለችባቸው።

በዚያ ምሽት ቢቢ በነጊን የኪራይ ቤት ተቀምጠው የልጅቱን ፊት ሲያዩ ለተግሣጽ ያዘጋጁት ቃል ጠፋባቸው። ነጊን ቀድማቸው፣ «ተውኩት ቢቢ፤ እርስዎን ከማሳፍር ይቅር» አለች። «ሜይሳም ጥሩ ሰው ነው። እንደ ሰው እኖራለሁ።»

«እስቲ ንገሪኝ፣ ወዴት ልትሄጂ አስበሽ ነው?»

«የትም።»

«የትም ለማትሄጂው ነው ይሄ ሁሉ?»

ነጊን ጥቂት አመነታች። «በየዓመቱ ለቀማ ሲደርስ ድስቱ ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጭሱ ነው ይሉኝ ነበር። ሙስካት የሞተችውን እህትዎን እኔ አላውቃትም፤ የእርስዎን ለቅሶ ግን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ለእኔም ሰው ይታመምብኛል።»

ቢቢ አለቀሱ፤ በዚህ ጊዜ የሚያሳብቡበት ጭስ አልነበረም። ለልጅቱ ግን ምንም ቃል አልገቡላትም፤ ራሳቸውንም አላመኑትም።

በማግስቱ በሰርጉ ክፍል ውስጥ መስታወቱና ሻማው ተቀምጦ፣ ነጭ ጨርቅ በሙሽሮቹ ራስ ላይ ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ ኑሯቸው እንዲጣፍጥ ሁለት ትላልቅ የስኳር ቁራጮችን ጨርቁ ላይ ያፋትጉ ነበር። ሼኩ ውሉን አነበቡና ነጊንን «ወኪልሽ ሆኜ ላጋባሽ ፈቃድሽ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ሙሽራ በመጀመሪያው ጥያቄ አትመልስም፤ በእሷ ፈንታ የሚመልሱላት ሴቶቹ ናቸው፣ ፊተኛዋም የቤቱ ታላቅ ናት።

«ሙሽራዋ አበባ ልትቀጥፍ ሄዳለች» አሉ ቢቢ፤ ሴቶቹም ተከትለው አስተጋቡ።

ሼኩ ደግመው ጠየቁ።

«ሙሽራዋ የጽጌረዳ ውኃ ልታመጣ ሄዳለች።»

ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። አሁን ሙሽራዋ ምላሷ የሚፈታው የሙሽራው እናት ስጦታ ስትሰጣት ነው፤ ኤፋት ኻኑም የወርቅ አምባራቸውን ይዘው ፈገግ እያሉ ተነሡ። የነጊን ዓይኖች መስታወቱ ላይ ናቸው። ቢቢ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት፤ ልጅቱ ትናንት ባለችው መሠረት እሺ ልትል ከንፈሯን እያረጠበች ነበር። ቢቢ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አምባሩን ይያዙልኝ ኤፋት ኻኑም፣ እጅዎን ይባርከው። ሙሽራዋ ገና አልመጣችም። የእኛ ልጅ ምላስ የሚፈታው በወርቅ አይደለም።»

ስኳሩን የሚያፋትጉት እጆች ቆሙ።

«በምንድን ነው?» አሉ ኤፋት ኻኑም።

«በፊርማ። ሥራዋን፣ ትምህርቷን፣ መውጣት መግባቷን ባሏ እንዳይከለክላት ይጻፍላት። አምባሩን ብትሸጠው ያልቃል፤ ይሄ አያልቅም።»

የኤፋት ኻኑም ፈገግታ ጠፋ። «ያን ዕለት ቅድመ ሁኔታ የለም ብለውኝ ነበር። ልጄን አላመናችሁትም ማለት ነው?»

«ዋሽቼዎት ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ዋሸሁ። ልጅዎን አምነዋለሁ፤ ባላምነው ልጄን አልሰጠውም። ትናንት መኪና ውስጥ ቀበቶ ስታጠቅ ሹፌሯን ተጠራጥሬ አልነበረም፤ መንገዱን ማን ያውቃል ብዬ ነው። እኔ ደግ ባል ነበረኝ፣ እህቴን ግን ሳልቀብር ቀረሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው በእኔ ደርሷል። በልጄ አይደርስም።»

ከጨርቁ ሥር ሜይሳም ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ፣ ነጊን ቀድማ ነግራኝ ነበር። ቢቢ ያን ዕለት ምንም የለም ሲሉ ገላገሉኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጥሩ አላደረግኩም። ይጻፍ፣ እፈርማለሁ።»

ኤፋት ኻኑም ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አምባሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቢቢ አጠገብ ተቀመጡ። «እኔም ካወራን አይቀር ልናገር። ቅድመ ሁኔታ ካላችሁ ንገሩን ያልኩት እንዳትነግሩኝ ብዬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት ሼኩ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ኤፋት ኻኑም ራሳቸው እያፈሩ ሳቁ። «ያኔ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ተነጫንጬ እሺ እል ነበር» አሉ። «እንዲህ በሰው ፊት ላብ አያጠምቁኝም ነበር።» ከዚያም ዞር ብለው ለቢቢ ብቻ በጆሯቸው፣ «የእኔም ሴት ልጅ ሰርግ ለሚቀጥለው ዓመት ነው፤ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳዩኛል» አሏቸው።

መዝጋቢው ብዕሩን አወጣ፤ እያንዳንዱን ነገር ጻፈ፣ ሜይሳም ፈረመ፣ የጉዞው ፈቃድም በሕግ በጸና ሰነድ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ሼኩ እንደገና ጠየቁ። ነጊን ፊቷን ከመስታወቱ መልሳ ወደ ቢቢ አየች።

«በታላላቆቼ ፈቃድ፣ እሺ።»

እንግዲህ ብዙ ሰው ያች ትዳር በዓመቷ ትፈርሳለች ብሎ ነበር። አልፈረሰችም። ድንበሩ ስለታወቀ ሁለቱ ወጣቶች ስለ ድንበር አይጣሉም፤ ነጊን የሌሊት ተረኛ ስትሆን ሜይሳም እራት ይሠራል፣ ሩዙን ያሳርረዋል፣ እሱን ይጣሉበታል። በዚያ ሰፈርም «በእኛ መሐል ምን ቅድመ ሁኔታ አለ» የሚለው ቃል እየቀለለ መጣ። ሴቶቹ ሻይ እየጠጡ የሚፈልጉትን ያወጣሉ፤ የወንዱ ወገንም የሚችለውንና የማይችለውን ይናገራል፤ በሰርጉ ቀን የሚያልበው ሰው የለም። አበባ ልትቀጥፍ ሄዳለች የሚለው ልማድም አልቀረም። ጥሩ ልማድ ነው፤ ሙሽራይቱ እስክታስብበት ጊዜ ይሰጣታል።

በቀጣዩ ፀደይ፣ የቃምሳር ማሳ ሁሉ ጽጌረዳ ለብሶ፣ ድስቶቹ ሁሉ ተጥደው ሰው እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን፣ ነጊን ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ባወጣችው ፓስፖርት ቢቢን ይዛ ወደ ሙስካት በረረች። እሳቱን እንዲጠብቅ የቀረው ሜይሳም ነበር፤ ጣቱንም እንዳቃጠለ በስልክ ነግሯቸዋል።

ቢቢ ያረጀው የቱባ መቃብር ላይ ተንበርክከው በጠርሙስ ያመጡትን አዲስ የጽጌረዳ ውኃ ቀስ እያሉ አፈሰሱ፤ ድንጋዩንም በመዳፋቸው አጠቡት። ነጊን ትከሻቸውን ያዘች። ቢቢ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ለእህታቸው እንዲህ አሏት፦

«ቱባዬ፣ ለቀማው ገና አላለቀም። ትቼው መጣሁ።»